የልጆቹ ቅጠል ለምን ሻገተ? ወረቀቱስ ለምን ተጣመመ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለገጣፎ ነው። የ11 እና የ14 ዓመት ልጆቼ በውጭ አገር ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የሚሠራውን የቅጠል ሥዕል አይተው እኛም እንሥራ አሉ። ቅጠል ለቅመን መጽሔት ውስጥ አስቀመጥን። ከሳምንት በኋላ ስንከፍተው ግማሹ ሻግቷል፣ ግማሹ ጠቁሯል። የተረፈውን በኮላ ስንለጥፈው ወረቀቱ ተጣመመ፣ ቅጠሉም ከዳር ከዳር ተነሣ። ለመሆኑ እንደዚያ ቀይና ብርቱካናማ የሚሆን ቅጠል እኛ አገር አለ? ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የሻገተውም፣ የጠቆረውም፣ የተጣመመውም በአንድ ነገር ነው፤ በውሃ። ከቅጠሉ ቶሎ መውጣት የነበረበት ውሃ ዘገየ፤ ከኮላው ጋር የመጣው ውሃ ደግሞ ወረቀቱ ውስጥ ገባ። ይህ ሥራ ከላይ ሲያዩት የሥዕል ይመስላል፤ ትልቁ ድካም ግን ማድረቁ ላይ ነው። በደንብ የደረቀ ቅጠል ያልለመደ እጅ ቢለጥፈውም ያምራል። ያልደረቀውን ግን ሠዓሊም አያድነውም።

ከቀለሙ ልጀምር። በብርድ አገሮች ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቀኑ በፍጥነት እያጠረ ይሄዳል። ዛፉም ለብርዱ ሲዘጋጅ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ያፈርሳል። ያኔ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም፣ ካሮቲኖይድ የሚባለው፣ ብቅ ይላል። ቀዩ፣ አንቶሲያኒን፣ ግን በአንዳንድ ዛፎች ቅጠል ውስጥ ያን ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛን ዛፎች ቅጠል የሚያስጥላቸው በዋናነት የዝናቡ መጥፋት እንጂ የቀኑ ማጠር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው የአበባ ወቅት ነው፤ ቅጠሉ በብዛት የሚረግፈው ከዚያ ወዲያ፣ በበጋው ነው። ያም ቢሆን ኮረብታው በአንድ ጊዜ ሲቀላ አያዩም። ዛፍ በዛፍ፣ አንዳንዴም ቅጠል በቅጠል ነው የሚለወጠው፤ ልጆቹ መከታተል ይኖርባቸዋል።

ቀለም ከፈለጉ ብሳናን ይያዙ። በየአጥሩ ሥርና በየገደሉ አፋፍ አይጠፋም፤ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ሲያረጅም ከመርገፉ በፊት ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል። በአረንጓዴ ቅርንጫፍ መካከል አንድ ሁለቱ ብቻ እንደ ፋኖስ በርተው ከሩቅ ይታያሉ። ጎረቤት ኮክ ካለው ቢጫውን ከዚያ ያገኛሉ። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ግን ግራቪሊያ ነው። ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርማ ነው፤ ስስና ውሃው ትንሽ ስለሆነ እምብዛም አይሻግትም። ወይራም ሁለት ፊት አለው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ታቹ ወደ ወርቃማ ቡናማ ያደላል። ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጠል ይሰጣል። ከትልቁ ዛፍ የሚወርደው እንደ ማጭድ የጎበጠና ረጅም ነው፤ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠው ግን ሰፊ ሆኖ አመድማ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ዱቄት ሰም ነው፤ ሲለጠፍ ጣጣ ያመጣል፤ እመለስበታለሁ። ዋንዛ ትልቅና ሻካራ ስለሆነ ለቆረጣ ጥሩ ነው፣ ለማድረቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የደረቀ ኮባ ካገኙ አይለፉት፤ በአንዱ ቅጠል ላይ ብቻ ከገለባ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡና ድረስ ያለው ቀለም ሁሉ ይገኛል።

የማይነኩም አሉ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ለዚህ ሥራ አይሁን። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። በገና ሰሞን በየግቢው ላይኛው ቅጠሉ የሚቀላው ተክልም ወገኑ ከዚያው ነው፤ ቀለሙ ቢያማልልም ይቅር። አስተናግር መርዛም ነው፣ ሳማን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። እንደ መናገሻ ሱባ ካለ ጥብቅ ደን ወይም ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ የወደቀውንም ለማንሣት አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለነገሩ በየመንገዱ ዳር የሚወድቀው ከበቂ በላይ ነው።

ለቀማው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ጤዛው ሲደርቅ ይሁን። ቅጠሉን በፌስታል አይያዙ፤ ሙቀቱ ውስጥ ያልበዋል፣ ሻጋታውም ገና ቤት ሳይደርስ ይጀመራል። አሮጌ ደብተር ወይም ጠፍጣፋ ካርቶን ይዘው ቢወጡና እዚያው በዚያው ቢዘረጉት ነው የሚሻለው። መንገድ ላይ የጠወለገ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነከር ይመለሳል፤ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። መጽሔቱ ያልሠራላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንጸባራቂ ወረቀት ውሃ አይመጥም፤ ለሳምንትም የከፈተው የለም። ከቅጠሉ አብዛኛው ውሃ የሚወጣው በመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ቀን የረጠበው ወረቀት ካልተቀየረ ቅጠሉ በራሱ ላብ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። መጥቆሩም ከዚሁ ነው፤ የተላጠ ድንች አየር ላይ ሲቆይ እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ ቀስ ብሎ የሚሞት ቅጠልም ኢንዛይሞቹና ኦክስጅን ተገናኝተው ያጠቁሩታል። በፍጥነት የደረቀ ቅጠል ቀለሙን ይዞ ይቀራል።

መጫኛውን እንዲህ ይሥሩት። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ያስቆርጡ። ከታች ጣውላው፣ በላዩ የዕቃ ካርቶን፣ ከዚያ ሦስት አራት ገጽ ጋዜጣ፣ ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት። ቅጠሎቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ይዘርጉ፤ ሌላ ነጭ ወረቀት ያልብሱ፣ ጋዜጣ፣ እንደገና ካርቶን። እንዲህ እየተደራረበ እስከ ስድስት ንብብር ይሄዳል። ነጩ ወረቀት የጋዜጣው ቀለም ቅጠሉ ላይ እንዳይታተም ነው። ካርቶኑ ደግሞ ለክብደት አይደለም፤ በሁለቱ ልጣጮቹ መካከል ያለው ሞገድ አየር ያሳልፋል። ስለዚህ የሁሉም ካርቶን ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። ከላይ ሁለተኛው ጣውላ፣ በእሱ ላይ ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ የ20 ሊትር ጄሪካን፤ ይህ 10 ኪሎ ነው፣ ይበቃል። ሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡት፣ ከሥር እርጥበት ይስባል። ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው ቦታ ይሁን።

ጋዜጣው በመጀመሪያው ቀን ማታና በማግስቱ ይቀየር፤ ከዚያ በየሁለት ቀኑ። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉን እያነሡ ያያሉ፣ ይሰነጠቃል። ቅጠሉ ከሁለቱ ነጭ ወረቀቶች መካከል አይንቀሳቀስ፤ የሚቀየረው ውጭ ያለው ጋዜጣ ብቻ ነው። የረጠበውን ጋዜጣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚያስቀምጣቸው የእጽዋት ናሙናዎችም በመሠረቱ የሚደርቁት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ለ14 ዓመቱ ልጅ ቢነግሩት ጋዜጣ መቀየሩን እንደ ቅጣት አያየውም።

ግራቪሊያ በበጋ በአራት አምስት ቀን ይደርቃል፣ ብሳና ከሳምንት እስከ አሥር ቀን፣ ዋንዛ ሁለት ሦስት ሳምንት። በክረምት የዚህን ግማሽ ያህል ይጨምሩ። የወፍራም ቅጠል ችግሩ መሐል አጥንቱ ነው፤ ስሱ ክፍል ደርቆ እሱ እርጥብ ይቀራል፣ ከወጣ በኋላም እየተኮማተረ ቅጠሉን ይጠቀልለዋል። ከመጫኑ በፊት ቅጠሉን በግምባሩ ደፍቶ የአጥንቱን ጉብታ በስለት ግማሽ ያህል መላጥ ይህን ያስቀራል። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፈተና አለ። ቅጠሉን ከነወረቀቱ አንሥተው ጀርባውን ከላይኛው ከንፈርዎ ጋር ያገናኙት፤ ከቀዘቀዘዎት ውስጡ ውሃ አለ፣ ገና ነው። ካልቀዘቀዘ ደግሞ አገዳውን ይዘው አግድም ያውጡት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል፣ ካዘነበለ ይመለስ።

ለቸኮለ ካውያ አለ። የእንፋሎቱ ማብሪያ ይጥፋ፣ ሙቀቱ መካከለኛ ይሁን፤ ቅጠሉን በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል አድርጎ ሳይገፉ ለ10 ሴኮንድ መጫን፣ አንሥቶ ማቀዝቀዝ፣ ገልብጦ መድገም፤ አራት አምስት ጊዜ። ከዚያ አንድ ሌሊት ከክብደት ሥር ይደር፤ ይህ ሌሊት ከተዘለለ ጠዋት ተጠቅልሎ ያገኙታል። ባሕር ዛፍ ሲተኮስ ዘይቱ ስለሚወጣና ወረቀቱን ስለሚያወዛው መስኮት ተከፍቶ፣ ወረቀቱም ተቀያይሮ ይሠራ። በምጣድ ትርፍ ሙቀት የሚሞክሩም አሉ፤ አልመክርም። ሙቀቱ አይገዛም፣ ዳሩ ይቃጠልና መሐሉ እርጥብ ይቀራል።

ሌላው መንገድ ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን ነው፤ ንጹሁን እንጂ ሽቶ የገባበትን አይግዙ። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ፣ ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትር በ200፣ ዝርግ ሳህን ላይ ቀላቅለው ቅጠሉን ያስጥሙት፤ እንዳይንሳፈፍ ሌላ ሳህን ይጫነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆይ። ግሊሰሪኑ በውሃው ቦታ ይገባል፤ እሱ ስለማይተን ቅጠሉ እንደ ስስ ቆዳ ተለጣጭ ሆኖ ይቀራል፣ አይሰበርም። ለወይራና ለጌሾ በጣም ጥሩ ነው። ለብሳና አይሆንም፣ ብርቱካኑን ያደበዝዘዋል። አስቀድሞ የደረቀ ቅጠልም አይመጠውም። ግሊሰሪን የጠጣ ቅጠል ኮላ በደንብ ስለማይቀበል በክር ለሚሰፋ ጌጥ ወይም ለመጽሐፍ ምልክት ይሁን።

ስለ መለጠፉ። ወረቀት በአንድ ፊቱ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰበሰብና ወደዚያው ይጎትታል፤ የተጣመመባችሁ ለዚህ ነው። በካሬ ሜትር ከ200 ግራም የማይሳሳ ወረቀት ይጠቀሙ፤ በጀርባውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮላ፣ እኩል መጠን ያለው ሌላ ወረቀት ይለጥፉ። ሁለቱ ፊቶች እኩል ሲጎትቱ ይቆማል። ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ ሁለት ማንኪያ ኮላ በአንድ ማንኪያ ውሃ። በጠፍጣፋ ብሩሽ ከቅጠሉ አጥንት ወደ ዳር ስስ አድርጎ መቀባት፣ እጅ ላይ እስኪጣበቅ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ማሳረፍ። በላዩ ንጹህ ፌስታል ዘርግተው ሁለት ሦስት ኪሎ ይጫኑት። ፌስታል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ ኮላ አይዘውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ተነሥቶ በደረቅ ጋዜጣ ይተካ፣ ክብደቱም እስከ ማግስቱ ይቆይ። አሁን የተጣመመው ሥራችሁም ጀርባው በእርጥብ ጨርቅ ቀለል ተደርጎ ተዳብሶ አንድ ቀን ከክብደት ሥር ቢውል አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል።

ከዳር የሚነሣው ኮላው ዳር ስላልደረሰ ወይም ቅጠሉ ሰም ስላለው ነው። የነጭ ባሕር ዛፍን ጀርባ ከመቀባትዎ በፊት በጥጥና በአልኮል ይጥረጉት። ማስቲሽ ግን ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር አይሆንም፤ ሽታው ይጎዳል፣ ቅጠሉንም ቢጫ እድፍ ያስይዘዋል።

ልጆቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ በቅጠል ወፍና ቢራቢሮ መሥራት ቶሎ ይሰለቻቸዋል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለውን ሐረግ ቢሞክሩ ይሻላል። ሥርዓት አለው፣ ይደጋገማል፣ ቅጠልም ያምርበታል። ወረቀቱ ዙሪያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ በእርሳስ ይሰመር፤ ወይራው አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው እየተፈራረቀ ሲደረደር ያለ ምንም ቀለም ሁለት ቀለም ይሰጣል። የግራቪሊያ ላባዎች የሚጠላለፈውን ይሠራሉ፣ ከብሳና የተቆረጠ የአልማዝ ቅርጽ ማዕዘኖቹን ይይዛል። ደረቅ ቅጠል በመቀስ ሲቆረጥ እንደሚፈረካከስ ያያሉ። መላው ቀላል ነው፤ ቅጠሉን አስቀድሞ ስስ ወረቀት ላይ ለጥፎ፣ አድርቆ፣ ከነወረቀቱ መቁረጥ። ኮባም በጅማቶቹ መሥመር እየተቀደደ ስለሚያስቸግር እንዲሁ ይደረግ። ታናሹ በመቀስ፣ ታላቁ በወረቀት ምላጭና በብረት ማስመሪያ፣ ከሥር ወፍራም ካርቶን ተደርጎ።

ታላቁን ከሁሉ የሚይዘው ግን የቅጠልን ሥጋ አንሥቶ መረቡን ብቻ ማስቀረት ነው። ወርካ ለዚህ ይመቻል፤ ወተት ያለው ዛፍ ስለሆነ ግን ከዛፉ የተቀነጠሰ ሳይሆን ወድቆ ወተቱ የደረቀው ይወሰድ። ማንጎም ይሆናል። የማያስቸኩለው መንገድ ውሃ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ከድኖ፣ በረንዳ ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት መተው፣ ውሃውን በየሳምንቱ መቀየር። ይሸታል፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ፈጣኑ መንገድ በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ በዝግታ ሁለት ሰዓት ያህል መቀቀል ነው፤ እሳቱን አዋቂ ይያዘው። ድስቱ ስቴንለስ ወይም ኤናሜል ይሁን፣ ሶዳው አሉሚኒየም ይበላል፣ ያጠቁራልም።

ቅጠሉ ሲለሰልስ በጣት ሲጫኑት ላዩ ይንሸራተታል። ያኔ ነጭ ሳህን ላይ፣ ጥቂት ውሃ ውስጥ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዞ መጀመር። መፋቅ የለም፤ ብሩሹን ቀጥ አድርጎ መታ መታ ብቻ፣ ከመሐል አጥንቱ ወደ ዳር። አረንጓዴው ሥጋ እንደ ጭቃ እየተለቀቀ ይወጣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይለወጣል፣ ከሥሩ እንደ ነጠላ የሳሳ መረብ ይታያል። በዳሩ በኩል መረቡ ቀጭን ስለሆነ የሚቀደደው እዚያ ነው፤ እልኸኛ ቦታ ካለ ከመጎተት ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ መመለስ ይሻላል። እንዲነጣ ከተፈለገ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ይህን እርስዎ በጓንት፣ መስኮት ከፍተው ይሥሩት። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፣ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል። ከዚያ በብዙ ውሃ ታጥቦ ይጫናል።

የተጠናቀቀው ሥራ የት ይሰቀል? ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ፀሐያችን ቀለም ትበላለች። ቀዩ ቶሎ ይጠፋል፣ ብርቱካኑ ትንሽ ይቆያል፣ ቡናማውና ብርማው ለዓመታት ይከርማሉ። መስኮት የማይገጥመው ግድግዳ ይምረጡ። ፍሬም ሲያስገቡ መስታወቱ ቅጠሉን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ቅንጣቢ ተደርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ከነካ ጤዛ ይይዝና ይጣበቅበታል። የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ዓመት ሳይሞላው ያቢጫል፤ ማስዋብ ካስፈለገ የማያብለጨልጭ አክሪሊክ ቫርኒሽ በስሱ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

የሻገቱትን ቅጠሎች አያጥቡ፣ ይጣሉ። መጽሔቱንም ውጭ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ፀሐይ ያስመቱት። የዳኑት ላይ ግን ትንንሽ ቀዳዳ ወይም ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ነፍሳት ገብተዋል ማለት ነው፤ ከመለጠፋቸው በፊት አየር በማያስገባ ፌስታል ታሽገው አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጡ። ሲወጡም የቤቱን ሙቀት እስኪይዙ ድረስ ፌስታሉ አይከፈት፣ አለዚያ ጤዛው ቅጠሉ ላይ ይወርድና ማድረቁ እንደገና ይጀመራል።